አስራ ሁለተኛው ሰው

ይህን የምጽፈው እህቴ እንድታነበው ብዬ አይደለም፤ አታነበውም። ለእናንተ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛችሁ «ቶሎ አድርጊልኝ» እያላችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ለምትቆሙ፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ተቀምጣችሁም «ችግር የለም» ለምትሉ። እኔ «ችግር የለም» ባይዋ ነበርኩ።

ሰቆጣ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። እንደገና ልፈተን ብዬ መጽሐፍ ሰብስቤ አንድ ምዕራፍ አላለፍኩም፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ያቁነጠንጠኛል። እጄ ግን ፈጣን ነው። ሌላው ቀኑን ሙሉ የሚጽፈውን እኔ እስከ ምሳ ሰዓት እጨርሰው ነበር። አፌም እንደ እጄ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ቤቱ ውስጥ «እናት ፋይል» የምንለው ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ያስጻፉ ተማሪዎች ሥራ ሁሉ በየትምህርት ክፍሉ ተለይቶ የተቀመጠበት ነው። አንዱ መግቢያ ጎድሎት ሲመጣ ከእናት ፋይል መግቢያ እናወጣለታለን። ማጠቃለያ ሲጎድለው ማጠቃለያ። የመንደሩን ስም መቀየር፣ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር፣ በቃ። መጨረሻ ላይ ያለውን የመጻሕፍት ዝርዝር እንዳለ እንገለብጠዋለን፤ መጻሕፍቱን በዓይኑ ያየ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ስርቆት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። የጎደለ የምሞላ ነበር የሚመስለኝ።

ታላቅ እህቴ ሙሉ ጋዝጊብላ ውስጥ አስተማሪ ናት። ዲግሪዋን በክረምት ትማር ነበር፤ አምስተኛ ክረምቷ ነበር። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ልጆቿን ለአማቷ ትታ ወደ ሰቆጣ ትመጣና እኔ ዘንድ ታርፋለች። ባሏ በዚያ ዓመት ስትነሳ «ከዚህ ወዲያ ሌላ ክረምት የለም» ብሏታል። ማስፈራሪያ አልነበረም። ሰውየው የተናገረውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ትምህርቷ አማርኛ ስለሆነ ጽሑፉም በአማርኛ ነው። ርዕሷ በሰቆጣ ዙሪያ ያሉ አዛውንቶች፣ ተራራው ለደን ተብሎ ከሰውና ከከብት ስለተከለለበት ጊዜ የሚተርኩት ነበር። አማካሪዋ አስራ ሁለት ሰው አነጋግሪ ብሏታል። አስራ አንዱን አነጋገረች። በጭቃ፣ በዝናብ፣ አንዳንዴ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ የሚሉትን በደብተር እየጻፈች። አስራ ሁለተኛው ሰው ከወንዙ ማዶ ነበሩ፤ ወንዙ ሞላ።

«ቦታውን ክፍት ተይልኝ፤ ቅዳሜ ከጎደለ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ማስገቢያው ሰኞ ነበር። እኔ ቅዳሜን መጠበቅ አልቻልኩም። እናት ፋይል ውስጥ ገብቼ ስፈልግ ስለዚሁ ተራራ የተጻፈ የቆየ ሥራ አገኘሁ። ውስጡ አቶ ተገኘ የሚባሉ አዛውንት ንግግር አለ፤ መንደራቸው እዚሁ ሰቆጣ ዙሪያ። ስም መቀየር እንኳ አላስፈለገኝም። ቀኑን ብቻ ዘንድሮ ሐምሌ አድርጌ አስገባሁት። ለእህቴ፣ አንድ የማውቀው መምህር ያነጋገራቸው ሰው ናቸው፣ ፈቅዶልናል አልኳት።

«እኔ ሳላያቸው?» አለች።

«አንቺ ብታያቸው ሌላ ይናገራሉ? ግቢና ተኚ» አልኳት። እግሯ አብጦ ነበር። ትንሽ ቆማ፣ «እሺ ካልሽ» አለችና ገባች። ያቺን «እሺ» እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ሰኞ አስገባች። በሳምንቱ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሙሉ ደወለችልኝ። የኮሌጁ ፈታኝ መምህር ኪሮስ ጠርቷታል፤ በኮምፒውተር የጻፈችውም ትምጣ ብሏል። ቢሮው ስንገባ ኃይለ ቃል ጠብቄ ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ አራት ቦታ ታጥፎ የተዘረጋ።

«አቶ ተገኘን አግኝተሻቸዋል?» አላት ሙሉን።

ሙሉ ወደ እኔ ዞረች። እኔ አላሰብኩም። «ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፤ እሷ አሟት ነበር» አልኩ።

«የት?»

«ቤታቸው።»

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ትንሽ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው።»

ጉልበቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። ገጹን በጣቱ ቀስ አድርጎ አስተካከለው።

«አባቴ ነው» አለ። «በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሲሸሽ መንገድ ላይ ሞተ። አራት ዓመት አለፈው።»

ሙሉ ወንበሩን ጨበጠች። እኔ ወለሉን አየሁ። ስድብ ቢሆን እመልሳለሁ፤ መሳደብ አያቅተኝም። ሰውየው ግን አልተሳደበም። ገጹን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ አንብቢልኝ አለኝ። እኔ ገልብጬው ነበር እንጂ ያን ቀን ነው ያነበብኩት።

«ተራራውን ሲከልሉት ፍየሎቼን አስወጡኝ። ልጄን ያስተማርኩት በእነዚያ ፍየሎች ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ተራራው ፊቴን አላዞርኩም። በአራተኛው ዓመት ሣሩ በቀለ፣ ንቡም መጣ። ልጄ ግን አልመጣም። ተራራው ሲመለስ አይቻለሁ፤ ልጄ ሲመለስ ሳላይ እንዳልሞት እፈራለሁ።»

መምህር ኪሮስ አባቱ ሲሞቱ ሩቅ አገር ያስተምር ነበር። ከዚያ በፊትም ስድስት ዓመት አልመጣም። የአባቱ ድምፅ የተቀዳበት ነገር የላቸውም፤ ፎቶውም ከቤቱ ጋር ጠፍቷል። ገጹን እሁድ ለእናቱ እንዳነበበላቸው ነገረን። ከዚያ ያለው ይህን ነው፤

«የእህትሽን ሥራ ዛሬ ልጥለው እችላለሁ። ግን አባቴ ይህን ለአንድ ሰው ተናግሮት ከሆነ፣ ለማን፣ መቼ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ተናግሮት ከሆነ የቀኑን ነገር የጽሕፈት ስህተት ነው ብዬ አልፈዋለሁ። የተመራቂዎቹን ዝርዝር ሐሙስ ከሰዓት ነው የማስተላልፈው።»

ከቢሮው ስንወጣ ሙሉ አጥሩን ይዛ ቆመች።

የቆየው ሥራ ሽፋን ላይ ያለው ስም ደሳለኝ ነበር፤ አምደወርቅ የሚያስተምር ሰው ነው። ደወልኩለት። ስለ አቶ ተገኘ ስል ዘጋው። ደግሜ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ነበርኩ። ሚኒባሱ ሁለት ቦታ ጭቃ ያዘው፤ ወርደን ገፋን። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጥርሴን ስነክስ አይተው ማን ሞቶብሽ ነው አሉኝ። ማንም አልኳቸው።

ደሳለኝን ከከተማው ዳር የጤፍ ማሳ ሲያርም አገኘሁት። ሲያየኝ አወቀኝ፤ ጽሑፉን ያስጻፈው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ፈተና ሊያባዛ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ሳቀብኝ። አንቺ ገልብጠሽ እኔን ልትጠይቂ መጣሽ ወይ አለ። ልክ ነበር። የሙሉን ነገር፣ የአምስቱን ክረምት፣ የባሏን ቃል ነገርኩት። የነቀለውን አረም መሬት ላይ ጣለው።

«ሽማግሌውን አግኝቻቸው አላውቅም» አለ። «ስማቸውን ከቀበሌው የሽማግሌዎች ዝርዝር ነው ያወጣሁት። ያኔ በሕይወት ነበሩ።»

«ንግግሩስ? ከራስህ ነው?»

«እኔ እንደዚያ መናገር ብችል እዚህ አርም ነበር?» ወደ ገደሉ ማዶ ወዳለ ቤት አመለከተኝ። «የእማማ ጥሩ ነው። እዚያ ድረስ ወርዶ ሰቆጣ ዙሪያን ማን ይዞራል ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኩ። ሴት ሆኑብኝ፣ ቀበሌውም ሌላ ሆነብኝ። ስሙን ቀየርኩት። አንቺም ቀኑን ቀየርሽ። ምን ለየን?»

ምንም አልለየንም። ተነስቼ ሄድኩ።

ፍልሰታ ስለነበር እማማ ጥሩ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ ይመለሳሉ አሉኝ። በደጀ ሰላሙ ግንብ ጥግ፣ በካፊያው ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። መቀመጥ የማልችለው እኔ። ሙሉ ሁለት ጊዜ ደወለች። መጀመሪያ «አገኘሽ?» አለችኝ፤ እየፈለግኩ ነው አልኳት። በሁለተኛው ምንም ሳትጠይቅ ስትተነፍስ ብቻ ሰማሁና ዘጋች። የመጨረሻው መኪና ያኔ ወጥቶ ነበር። እዚያ ተቀምጬ ውሸቱን አዘጋጀሁ። አቶ ተገኘ ለደሳለኝ ተናግረውታል፣ ደሳለኝም ይመሰክራል እላለሁ። ቀላል ነበር። ሁሉም ይጠቀማል። ልጁ የአባቱን ቃል ያገኛል፣ እህቴ ትመረቃለች። ታዲያ ሴትዮዋን ለምን እንደጠበቅኩ ራሴም አላውቅም።

መጡ። ትንሽ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ዓይናቸው ንቁ የሆነ ሴት ናቸው። አማርኛ ይቸግራቸዋል፤ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናውን ከአያቴ ስለምሰማ እንደምንም ተግባባን። ገጹን እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። ግማሽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱና የቀረውን ራሳቸው ጨረሱት።

«የኔ ነው» አሉ። «ያ ደሳለኝ ጻፈው እንዴ? ሻሽ ላምጣልሽ ብሎኝ ቀርቷል።» ከዚያ ስሙን እንዳነብላቸው ጠየቁ። አነበብኩ። «ለወንድ ሰጠው? ፍየሎቼን ከነልጄ ለወንድ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ቆመ።

ልጅዎ አልተመለሰም ወይ አልኳቸው። በበሩ በኩል ጎመን የምትቀጥፍ ሴት አሳዩኝ፤ ደሳለኝ ልጅቷንም ወንድ አድርጓት ነበር። በዓመቱ ተመልሳለች፤ ደሳለኝ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አልጠየቃቸውም።

የመምህር ኪሮስን ነገር ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። የፈራሁት ቁጣ ነበር። አልተቆጡም፤

«አባቱ ምን ይል ነበር ታዲያ?» አሉኝ። «እሱንስ ማን ጠየቀው?»

ማንም። ደሳለኝ አልጠየቃቸውም፣ እኔ አልጠየቅኳቸውም። ሰውየው በሕይወት በነበሩበት ጊዜ ስማቸውን የወሰደ ሰው ነበር፤ ቤታቸው የሄደ አልነበረም። አሁን መሄጃው ተዘግቷል።

እማማ ጥሩ አሳደሩኝ። ጠዋት ሲሸኙኝ ክንዴን ያዝ አድርገው «የኔ ነው በይው» አሉኝ። «ሰውየው አይከፋበት። ግን የኔ ነው በይው።» እሺ አልኳቸው። እሺ ስልም እንደማላደርገው አውቅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሙሉ ኮሌጁ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለት ቀን ያልበላች ትመስላለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ካሁን በኋላ አልዋሻትም ብዬ። ሰማችኝና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ብለዋል በይ» አለችኝ። «አንድ ቃል ነው። ብለዋል።»

ሙሉ በሕይወቷ ዋሺልኝ ብላኝ አታውቅም። ልጅ ሆነን ወተት ደፍቼ እሷ ስትገረፍ እንኳ «እሷ ናት» ብላ አላሳበቀችም። እሺ አልኳት።

ገባን። መምህር ኪሮስ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር። ሰላምታውን ሳይጨርስ «እህስ?» አለ።

«ብለዋል» አልኩ። «ለደሳለኝ ነው ያሉት፤ ከጦርነቱ በፊት።»

ከጎኔ ሙሉ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት አወጣ። በትልልቅ ፊደል፣ በጥንቃቄ፣ በእጅ የተጻፈ ነበር። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተራራው ሲመለስ አይቻለሁ የሚለውን።

«አጽሙን ባለፈው ዓመት አምጥተን ደብራችን አሳርፈነዋል» አለኝ። «ድንጋዩ ላይ የሚጻፍ ነገር አጥተን ባዶውን ነበር። ድንጋይ ጠራቢውን ለነገ ቀጥሬዋለሁ። የጎደለ ፊደል ካለ እይልኝ፤ አንቺ ጸሐፊ ነሽ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። በወረቀት የተጻፈን እሰርዛለሁ፤ ሥራዬ ነው። ድንጋይን ግን ማን ይሰርዛል? አንድ ሰው መቃብር ላይ፣ ያልተናገረው፣ የአንዲት ሴት ቃል። እማማ ጥሩም ከገደሉ ማዶ በሕይወት ተቀምጠው። ሙሉን አየኋት። ዓይኗ «ተይ» ይለኝ ነበር። ለመነችኝ፣ በዓይኗ።

«አላሉም» አልኩ።

ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የቀበሌውን ዝርዝር፣ ደሳለኝን፣ እማማ ጥሩን፣ እናት ፋይልን፣ የጉልበት ሕመሙን። ሙሉ የማታውቀው እንደነበር፣ እኔ እንዳታለልኳት።

መምህር ኪሮስ መሳቢያውን ዘጋና፤

«እናቴ ነግራኛለች» አለ። «እሁድ ሳነብላት፣ እኛ ፍየል ኖሮን አያውቅም አለችኝ። እርጅና ነው፣ ረስታ ነው አልኳት።» ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። «አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ትቼ ወረቀት አመንኩ። እኔ ደግሞ የምርምር ዘዴ አስተማሪ ነኝ።»

ሙሉን ቀና ብሎ አያት። ስለሚያዝንላት ብሎ አላሳለፋትም፤ የጣላትም ስለሚጠላት አይደለም። አንዱ ሐሰት ከሆነ አስራ አንዱን እንዴት እንደሚያምን ጠየቃት። ደብተሮቿን አወጣች፤ ዝናብ ያበላሻቸው፣ ቀለም የፈሰሰባቸው። አገላበጣቸው። እውነት እንደሆኑ አያለሁ፣ ነገር ግን ፊርማሽ ያለው በአስራ ሁለቱም ላይ ነው አላት። ስሟ ከተመራቂዎቹ ዝርዝር ወጣ።

ውጭ ዝናብ ነበር። ጃንጥላውን ልይዝላት ስል ገፋችኝ።

«አስራ አንዱን በእግሬ ሄጄ ነው ያመጣኋቸው» አለች። ሌላ አልጨመረችም። በማግስቱ ዕቃዋን ይዛ ሄደች።

እውነቱን በመናገሬ ቀለለኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። አልቀለለኝም። እውነቱን የተናገርኩት እኔ፣ የከፈለችው እሷ። እህቴን ወድጄ ነው የጎዳኋት እል ነበር፤ አሁን ግን ችኮላዬን ነው የወደድኩት እላለሁ። ቅዳሜ ድረስ ብጠብቅ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጣሁ። አሁን ፍርድ ቤት አጠገብ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። «እንዲህ አደረገኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ጣቴን ከኪቦርዱ ላይ አነሳና፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል፣ ከማን ሰማህ፣ ያ ሰውስ የት ነበር እላለሁ። አንዳንዱ ይሰለቸኝና ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። «መርማሪዋ» ይሉኛል። ይበሉኝ። እናንተም በሉኝ፤ ብቻ የሰው ቃል ስታነሱ ባለቤቱ ቤት ድረስ ሂዱ። ከሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ካልሄዳችሁ ደግሞ አንድ ቀን መሄጃው ይዘጋል።

እማማ ጥሩ ጋ ተመልሼ ሻሹን አድርሻለሁ። ደሳለኝ ላከው አላልኳቸውም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት አልኳቸው።

ሙሉ በስድስተኛው ክረምት ባሏን ሳታስፈቅድ፣ ሁለቱን ልጆች ይዛ መጣች። እኔ ዘንድ አላረፈችም፤ ቤት ተከራየች። አስራ ሁለት ሰው እንደገና ከአንድ ጀምራ አነጋገረች ሲሉ ሰማሁ። ጽሑፏን ሌላ ፎቶ ኮፒ ቤት አስጻፈችው። ተመረቀች። ጥራዙ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት መግባቱን ሰምቼ ሄጄ ጠየቅኩና፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ሳልነሳ አነበብኩት። ምስጋናው ላይ አማቷ አሉ፣ ልጆቿ አሉ፣ የጻፈችላት ልጅ አለች፣ አስራ ሁለቱ አዛውንት በየስማቸው አሉ። የእኔ ስም የለም። ደግሜ ፈለግኩት፤ የለም። ልክ ናት። እዚያ ውስጥ እኔ የሠራሁት ምንም ነገር የለም።